በሩሌት ጠረጴዛ ላይ ርካሽ ውርርድ የለም፦ በሰፊው ለተዛመተ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሩሌትን (ኳስ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ተጥላ የምታርፍበትን ቁጥር ወይም ቀለም በመገመት የሚወራረዱበትን የካሲኖ ጨዋታ) በብልሃት ስለ መጫወት የተጻፈ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላስ ቬጋስ በምንኖር ኢትዮጵያውያን የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ሲዘዋወር ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ከሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ለእኔም ደረሰኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንተ እዚያ ሠርተሃልና፣ የሚለው እውነት ነው ወይ?» የሚል። በዚህ ከተማ በአንድ ካሲኖ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት በሩሌት ዲለርነት (ጨዋታውን በሚመራና ክፍያውን በሚከፍል ሠራተኛነት) ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በፊት አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። መልሱን ለሦስት ሰዎች በስልክ ከምነግር ጽሑፉን ላነበቡት ሁሉ ብጽፈው ይሻላል ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ምክር በተግባር የሚያውሉት ገንዘብ የተረፋቸው ጎብኚዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው የሚመጡ ሾፌሮችና የሆቴል ክፍል አጽጂዎች ጭምር መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

የጽሑፉን ሐሳብ በቅድሚያ በታማኝነት ላስቀምጥ። ጸሐፊው የውርርድ ዓይነቶችን ከነክፍያቸው ከዘረዘሩ በኋላ የሚከተሉትን ይከራከራሉ። ካሲኖው የሚያተርፈው በነጠላ ቁጥሮች ላይ ከሚወራረዱ ሰዎች ስለሆነ፣ በቀይና ጥቁር ወይም በተጋማሽና ኢተጋማሽ ቁጥሮች ላይ የሚወራረድ ሰው ከቤቱ፣ ማለትም ከካሲኖው፣ ጋር እኩል ለእኩል ይጫወታል ይላሉ። ሦስተኛውን ዓምድ ከጥቁር ጋር አጣምሮ የሚወራረድ ሰው ከ38ቱ ቁጥሮች 26ቱን ስለሚሸፍን በረጅሙ አትራፊ ይሆናል፤ ዜሮዎቹ «የቤቱ ቁጥሮች» ስለሆኑ እነርሱን በያዘው የአምስት ቁጥር ውርርድ ላይ ገንዘብ ማስቀመጥ ከቤቱ ጎን መቆም ነው፤ ያለፉ ዙሮች ውጤት በሚታይበት ሰሌዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልታየ ቀለም መውጫው ስለ ደረሰ እርሱን መከተል ይገባል፤ ከተሸነፉም ውርርዱን በእጥፍ እያሳደጉ መቀጠል የጠፋውን ሁሉ ያስመልሳል። በመጨረሻም በታሪክ ሩሌትን ያሸነፉ ሰዎች መኖራቸውን በማስረጃነት ያቀርባሉ።

ትክክል የሆነው ትክክል መባል አለበት። የክፍያ ዝርዝራቸው አንድም ስሕተት የለበትም። ነጠላ ዜሮ ያለው መንኮራኩር ሁለት ዜሮ ካለው እንደሚሻል መጻፋቸውም ልክ ነው፤ ምንም እንኳ በዚህ ላይ በኋላ የምጨምረው ቢኖርም። በቀይና ጥቁር የሚጫወት ሰው ገንዘቡ ቶሎ እንደማያልቅበት የተናገሩትንም እቀበላለሁ። የማልስማማው ከእነዚህ እውነቶች ተነሥተው በደረሱበት መደምደሚያ ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ከማወቅ ነው። አንድ ዲለር ሲሠለጥን 35፣ 17፣ 11፣ 8 እና 5 የሚሉትን ቁጥሮች እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ይይዛል። እነዚህም በቅደም ተከተል በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራትና በስድስት ቁጥሮች ላይ ለተደረገ ውርርድ የሚከፈሉ ናቸው። ሁሉም የሚገኙት ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ 36ን በተሸፈኑት ቁጥሮች ብዛት ማካፈል፣ ከዚያም አንድ መቀነስ። ለአራት ቁጥር 36 ሲካፈል ለ4 ዘጠኝ ይሆናል፤ አንድ ሲቀነስ ስምንት። ለደርዘን 36 ሲካፈል ለ12 ሦስት፣ አንድ ሲቀነስ ሁለት። ለቀይ 36 ሲካፈል ለ18 ሁለት፣ አንድ ሲቀነስ አንድ። ይህ አከፋፈል ለሁለቱም ወገን እኩል የሚሆነው መንኮራኩሩ ላይ 36 ቁጥሮች ብቻ ቢኖሩ ነበር። በአሜሪካው መንኮራኩር ላይ ግን ያሉት 38 ናቸው፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮ እና ድርብ ዜሮ። ክፍያው ሁለቱ ዜሮዎች እንደሌሉ ተቆጥሮ ይሰላል፣ ኳሷ ግን እነርሱም ውስጥ ትገባለች። የቤቱ ትርፍ በሙሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

አንድ ሰው በ38ቱም ቁጥሮች ላይ አንድ አንድ ዶላር አስቀመጠ እንበል። የትኛውም ቁጥር ቢወጣ 35 ዶላር ትርፍና የራሱን 1 ዶላር፣ በድምሩ 36 ዶላር ይቀበላል፤ ያወጣው ግን 38 ነው። የጎደለው 2 ዶላር ከ38 ሲሰላ 5.26 በመቶ ይሆናል። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው በቀይ ላይ ብቻ አንድ አንድ ዶላር እያስቀመጠ 38 ዙር ተጫውቶ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ወጣ እንበል። 18 ጊዜ ያሸንፋል፣ 20 ጊዜ ይሸነፋል፤ ያጣው 2 ዶላር፣ ያወጣው 38 ዶላር፣ ኪሳራው ያው 5.26 በመቶ ነው። ጸሐፊው «እኩል ለእኩል» ያሉት ውርርድና «ካሲኖው የሚያተርፍበት» ያሉት ውርርድ ለቤቱ የሚያስገቡት ገንዘብ በሳንቲም እንኳ አይለያይም።

የሚለያየው ኪሳራው የሚመጣበት መልክ ነው። በነጠላ ቁጥር ላይ የሚወራረድ ሰው 38 ዙር ተጫውቶ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ያህል ነው፤ በቀይ ላይ የሚወራረድ ሰው ግን በዚያን ያህል ዙር ውስጥ ብዙ ጊዜ እያሸነፈና እየተሸነፈ ይቆያል። ገንዘቡ ይቆያል የሚለውን የተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ቆይታው ራሱ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ቤቱ ድርሻውን የሚወስደው ከእያንዳንዱ ዙር ነው። በሰዓት 40 ዙር በሚሽከረከርበት ጠረጴዛ በየዙሩ 15 ዶላር በቀይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው በሰዓት 600 ዶላር ያወራርዳል፤ ከዚህም በአማካይ 31 ዶላር ከ58 ሳንቲም ለቤቱ ይተዋል። ይዞ የመጣው 200 ዶላር ቢሆንም እንኳ፣ ድርሻው የሚሰላው በ600ው ላይ ነው። በጠረጴዛዬ ላይ ለአምስትና ለስድስት ሰዓታት በቀይና ጥቁር ሲጫወቱ ያመሹ ሰዎች «ብዙም አልተሸነፍኩም ነበር፣ እንዴት አለቀብኝ?» ብለው ሲነሡ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ያለቀባቸው ደኅና ነው የተባለላቸውን ውርርድ ለረጅም ሰዓት በመጫወታቸው ነው።

ጥቁርንና ሦስተኛውን ዓምድ ስለ ማጣመር የተጻፈው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የተሞላበት ምላሽ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በእውነተኛ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ቀለሞቹ በዓምዶቹ ላይ እኩል አልተደለደሉም። 3፣ 6፣ 9 እያለ እስከ 36 የሚዘልቀው ሦስተኛው ዓምድ 8 ቀይና 4 ጥቁር ቁጥሮች አሉት፤ ጥቁሮቹ 6፣ 15፣ 24 እና 33 ናቸው። ስለዚህ በጥቁር ላይ አንድ ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱበት ክብ ምልክት)፣ በሦስተኛው ዓምድ ላይ ሌላ ቺፕ ያስቀመጠ ሰው 18ቱን ጥቁሮችና 8ቱን ቀዮች፣ በድምሩ 26 ቁጥሮችን እንደሚሸፍን ጸሐፊው የቆጠሩት በትክክል ነው። ያልቆጠሩት የተሸፈነው ቁጥር ሲወጣ የሚገኘውን ገንዘብ ነው።

ስለዚህ አብረን እንቁጠር። ከአራቱ የዓምዱ ጥቁሮች አንዱ ቢወጣ ሁለቱም ውርርዶች ያሸንፋሉ፤ ከጥቁሩ 1፣ ከዓምዱ 2፣ በድምሩ 3 ቺፕ ይገኛል። ከዓምዱ ውጪ ካሉት 14 ጥቁሮች አንዱ ቢወጣ ጥቁሩ 1 ያስገኛል፣ ዓምዱ 1 ያሳጣል፤ የተገኘው ትርፍ ዜሮ ነው። ከስምንቱ የዓምዱ ቀዮች አንዱ ቢወጣ ዓምዱ 2 ያስገኛል፣ ጥቁሩ 1 ያሳጣል፤ ትርፉ 1 ቺፕ ነው። የቀሩት 10 ቀዮችና ሁለቱ ዜሮዎች፣ ማለትም 12 ቁጥሮች፣ ሁለቱንም ቺፖች ይወስዳሉ። በ38 ዙር እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ቢወጣ ትርፉ 4 ጊዜ 3 እና 8 ጊዜ 1፣ ማለትም 20 ቺፕ ሲሆን፣ ኪሳራው 12 ጊዜ 2፣ ማለትም 24 ቺፕ ነው። ከተወራረዱት 76 ቺፖች 4 ጎድለዋል፤ 4 ለ76 ሲካፈል ዳግመኛ 5.26 በመቶ ይሆናል።

«26 ከ38» የሚለው አባባል አሳሳች የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከ26ቱ መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት 14ቱ ምንም አያስገኙም። በእውነት የሚያተርፉት 12 ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ የሚያከስሩትም 12 ናቸው። ነገር ግን በ14ቱ ጊዜ ዲለሩ ለተጫዋቹ ቺፕ ይገፋለታል፣ ከዓምዱም ላይ አንድ ይወስድበታል፤ የተጫዋቹ ዓይን የሚከተለው የተገፋለትን ነው። ይህን ውርርድ አዘውትሮ የሚጫወት አንድ የአገሬ ሰው ነበር። ባሸነፈ ቁጥር የሚመዘግብበት ትንሽ ደብተር ይዞ ይመጣ ነበር፤ እነዚህን ዜሮ ትርፍ ያላቸውን ዙሮች «ድል» ብሎ ሲጽፍ አይቼ፣ በሥራ ላይ ስለነበርኩና መምከር ስለማይፈቀድልኝ ዝም አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ጸሐፊው ሌላ ጥምር ሊያመጡ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ሁለት ደርዘኖችን በአንድነት መያዝ 63 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ይሰጣል ይሉ ይሆናል። 24 ለ38 ሲካፈል በእርግጥ 63 በመቶ ነው። ነገር ግን በ24ቱ ጊዜ የሚገኘው አንድ አንድ ቺፕ፣ በ14ቱ ጊዜ የሚጠፋው ሁለት ሁለት ቺፕ ስለሆነ 24 ከ28 ጋር ይወዳደራል፤ ውጤቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ክፍል 5.26 በመቶ የሚያጎድል ከሆነ ድምሩም የሚያጎድለው ያንኑ ነው፤ ሁለት የሚያፈስሱ እንስራዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ውኃ አያጠራቅምም።

የአምስት ቁጥሩ ውርርድ ከዚህ ሕግ የሚለይ ብቸኛ ውርርድ ነው፤ የሚለየውም ከፍቶ ነው። ዜሮን፣ ድርብ ዜሮን፣ 1ን፣ 2ንና 3ን የሚይዘው ይህ ውርርድ ከላይ ባሳየሁት ስሌት 36 ለ5 ተካፍሎ 7.2፣ አንድ ሲቀነስ 6.2 መክፈል ነበረበት። ሆኖም ክፍልፋዩ ተቆርጦ 6 ለ1 ይከፈላል። በ38 ዙር 5 ጊዜ ስድስት ስድስት፣ ማለትም 30 ቺፕ ይገኛል፣ 33 ቺፕ ይጠፋል፤ ኪሳራው 3 ከ38፣ ማለትም 7.89 በመቶ ነው። በአሜሪካው ጠረጴዛ ላይ ካሉት ውርርዶች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው። ጸሐፊው ለአንባቢዎቻቸው በተለይ የመረጡላቸው ውርርድ ይህ መሆኑ አሳዝኖኛል። ዜሮዎቹ «የቤቱ ቁጥሮች» ናቸው የሚለው እምነትም ስሕተት ነው። በዜሮ ላይ ብቻ የተወራረደ ሰው ዜሮ ቢወጣ እንደማንኛውም ቁጥር 35 ለ1 ይከፈለዋል፤ ቤቱም ለእርሱ ከኪሱ ያወጣል። ቤቱን የሚያበለጽገው የዜሮ መውጣት ሳይሆን የትኛውም ቁጥር ሲወጣ ክፍያው በሁለት ቺፕ ማጠሩ ነው።

ስለ ሰሌዳውና «መውጫው ስለ ደረሰ» ቀለም ረጅም ክርክር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካሲኖ ጥቁር በተከታታይ 26 ጊዜ ወጥቷል። ተጫዋቾቹ ቀይ መምጣቱ አይቀርም እያሉ ገንዘባቸውን በቀይ ላይ ቆለሉ፤ ካሲኖውም በዚያች ምሽት ሚሊዮን ፍራንኮችን ሰበሰበ። ኳሷ የቀደመውን ዙር የምታስታውስበት ምንም መንገድ የላትም። ጸሐፊው የሚጠቅሱት የብዙ ቁጥሮች ሕግ (ዙሩ ሲበዛ የውጤቱ ድርሻ ወደሚጠበቀው ይጠጋል የሚለው) እውነት ቢሆንም ትርጉሙን አዛብተውታል። ቀይ ጥቁርን በ10 ዙር ቀድሞ ከሆነ፣ ከዚህ በኋላ በሚመጡት 1,000 ዙሮች የሚጠበቀው ልዩነት ዜሮ ስለሆነ ያለፈው 10 ባለበት ይቆያል፤ ከ20 ዙር ውስጥ ግማሽ የነበረው 10 ከ1,020 ውስጥ አንድ በመቶ ገደማ ስለሚሆን ብቻ መጠኑ ያነሰ ይመስላል። ያለፈው በብዙ መካከል ይደበዝዛል እንጂ ማንም መጥቶ አያካክሰውም።

በእጥፍ የማሳደጉን ምክር ግን በቀላሉ ማለፍ አልችልም፤ የሰው የቤት ኪራይ ሲጠፋበት ያየሁት በዚህ ነው። ዝቅተኛው ውርርድ 10 ዶላር፣ ጣሪያው 1,000 ዶላር የሆነ ጠረጴዛ እንውሰድ። 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640 እያለ የሚሄድ ሰው ሰባት ጊዜ በተከታታይ ቢሸነፍ 1,270 ዶላር አጥቷል፤ ስምንተኛው ውርርድ 1,280 ዶላር መሆን ስላለበት ጠረጴዛው አይቀበለውም። በቀይ ላይ ሰባት ጊዜ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድል 1.12 በመቶ፣ ማለትም ከ89 ሙከራ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ የተሳካ ሙከራ የሚያስገኘው 10 ዶላር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ89 ሙከራዎች በ88ቱ 880 ዶላር ያገኛል፣ በአንዱ 1,270 ዶላር ያጣል። ጸሐፊው «በቂ ካፒታል ካለ አይሸነፍም» ብለው ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክረዋል። በሞንቴ ካርሎው ምሽት ከመጀመሪያው ጥቁር አንሥቶ በቀይ ላይ ከ1 ፍራንክ የጀመረ ሰው ለ26ኛው ዙር ማስቀመጥ የነበረበት 33,554,432 ፍራንክ ነበር፤ ያንንም በዚያው ዙር ያጣው ነበር። በቂ የሚባለውን ካፒታል ይዞ ከፈረቃው የሚወጣ ሠራተኛ የለም፤ ቢኖረውም የጠረጴዛው ጣሪያ የተሠራው ለእርሱ ነው።

ሩሌትን ያሸነፉ ሰዎች አሉ፤ ይህን አልክድም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ጃገር በሞንቴ ካርሎ ረዳቶች ቀጥሮ የሚወጡትን ቁጥሮች በማስመዝገብ የተዛነፈ መንኮራኩር አግኝቶ ብዙ ገንዘብ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስፔናዊው ጎንዛሎ ጋርሲያ ፔላዮ በማድሪድ በተመሳሳይ መንገድ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የሒሳብ ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ቶርፕና ክላውድ ሻነን የኳሷን ፍጥነት የሚለካ በሰውነት ላይ የሚደበቅ ትንሽ ኮምፒዩተር ይዘው እዚሁ ላስ ቬጋስ ሞክረዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዳቸውም ያሸነፉት በውርርድ ዓይነት ምርጫ ወይም በእጥፍ በማሳደግ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የእንጨትና የብረት ጉድለት ፈልገው በሺዎች የሚቆጠሩ ዙሮችን መዘገቡ፤ የኋለኞቹ ፊዚክስን ተጠቀሙ። ሰሌዳው የሚያሳየው 20 ያህል ዙር ስለ መንኮራኩር መዛነፍ የሚናገረው ነገር የለም። ከዚህም በላይ ዛሬ ካሲኖዎቹ ራሳቸው የእያንዳንዱን መንኮራኩር ውጤት በኮምፒዩተር ይከታተላሉ፤ የኔቫዳ ግዛትም የቶርፕን የመሰሉ መሣሪያዎችን መጠቀም እ.ኤ.አ. በ1985 በሕግ ከልክላለች።

ወደ ነጠላ ዜሮው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ሆነው ሳለ ምክራቸው አንባቢውን ሊጎዳ ይችላል። የካሲኖ ባለቤቶቹ የብላንክ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1843 በጀርመን ባድ ሆምቡርግ ነጠላ ዜሮውን ያስተዋወቁት ተጫዋች ለመሳብ ነበር፤ የቤቱን ድርሻ ወደ 1 ከ37፣ ማለትም ወደ 2.70 በመቶ ያወርዳል። ዜሮ ሲወጣ የቀይና ጥቁር ውርርድ ግማሹ የሚመለስበት የፈረንሳዮች ሕግ ባለበት ቦታ ደግሞ በእነዚህ ውርርዶች ላይ 1.35 በመቶ ብቻ ይሆናል። በላስ ቬጋስ ግን ነጠላ ዜሮ በአብዛኛው የሚገኘው ዝቅተኛው ውርርድ ከፍ ባለባቸው ጠረጴዛዎች ነው። በየዙሩ 50 ዶላር በሚጠየቅበት ነጠላ ዜሮ ላይ በ40 ዙር 2,000 ዶላር ይወራረዳል፤ የሰዓቱ አማካይ ኪሳራ 54 ዶላር ነው። ይህም በ15 ዶላሩ ሁለት ዜሮ ላይ ከሚጠፋው 31 ዶላር ከ58 ሳንቲም ይበልጣል። በመቶኛው የተሻለውን የመረጠ ሰው በኪሱ የባሰውን መርጧል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ በዋናው የካሲኖዎች ጎዳና ላይ ሦስት ዜሮ ያላቸው መንኮራኩሮች ተበራክተዋል፤ በእነዚህ ላይ ድርሻው 3 ከ39፣ ማለትም 7.69 በመቶ ነው፤ በ15 ዶላር በሰዓት 46 ዶላር ያህል ያስከፍላል። ጽሑፉ ስለ እነዚህ አንድም ቃል አልጻፈም፤ ርካሽ ዝቅተኛ ውርርድ የሚፈልገው ሠራተኛ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ እነርሱ ላይ ነው።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም፤ ሰው ለመጉዳት እንደጻፉም አላምንም። ጽሑፋቸው አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት እርማት እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአምስት ቁጥሩን ውርርድ የሚያሞግሰውን አንቀጽ ያውጡት። «26 ከ38» ባሉበት ቦታ ላይ ደግሞ ከ26ቱ 14ቱ ምንም ትርፍ እንደሌላቸው፣ 12ቱ እንደሚያተርፉና ሌሎች 12 ሁለቱንም ቺፖች እንደሚወስዱ አክለው ይጻፉ።